የሔሚንግዌይ ዘንጎች

ደራሲው ኧርነስት ሔሚንግዌይ በብዙዎች ዘንድ የሚታወቀው በ«ሽማግሌውና ባሕሩ» ነው። ሰውየው ግን ብዕር ከመጨበጡ በፊት የጨበጠው የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ ነበር። እ.ኤ.አ በ1899 ኢሊኖይ ውስጥ የተወለደው ሔሚንግዌይ፣ ሚሺጋን ውስጥ ዓሣ ማጥመድን የተማረው ከሐኪሙ አባቱ ነው።

ዘንግ እንደ ታኬታ ነው፤ እንደ ሜዳው ይመረጣል። ለወንዙ ትራውት ቀጭን ዘንግ ይበቃል፤ እየታጠፈ ክሩን ከመበጠስ ያድናል። ለባሕሩ ቱና ግን ወፍራምና ጠንካራ ያስፈልጋል።

በ1935 በቢሚኒ ደሴት የሆነውም ይኸው ነው። እዚያ ቱና ያጠመደ ሁሉ ጀልባው ጋ ሳያደርሰው ሻርክ ይቦጭቅበታል። ሔሚንግዌይ ግን ፋታ ሳይሰጥ ጎትቶ ዓሣውን ሙሉውን አወጣ። በቢሚኒ ይህን በማድረግ የመጀመሪያው እንደሆነም ይነገርለታል።

የትራውት ዘንጎቹ ነገር ግን ያሳዝናል። በ1940 ገደማ፣ ለዓመታት የሰበሰበውን የማጥመጃ ዕቃ የያዘው ሻንጣ በባቡር ተልኮ እንደወጣ ቀረ። ሌላ መግዣ ገንዘብ አላጣም። ሆኖም ከዚያ ወዲህ ትራውት ማጥመዱን እርግፍ አድርጎ ተወው ማለት ይቻላል።

በ1954 ኖቤልን ወሰደ፤ በ1961 አይዳሆ ውስጥ ሞተ። ለሻንጣው ግን ምትክ አልተገኘለትም።