የቋራዋ እቴጌና ከሦስት ቁራጭ የተሰፋው መጋረጃ



የስፌት ቡድናችን ከቁርጥራጭ ጨርቅ የአልጋ ልብስ መሥራት ከጀመረ ወዲህ ከሁሉ የሚያስቸግረው የመጋጠሚያው መሸብሸብና የዳሩ ረግቦ ሞገድ መሥራት ነው። ስለዚህ ልጽፍ ስነሣ ከዚሁ ከቆላችን የወጡት እቴጌ ምንትዋብ ትዝ አሉኝ። ለምን እንደሆነ ወደ ታች ታዩታላችሁ። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

እቴጌ ምንትዋብ የቋራ ተወላጅ ናቸው፤ ቋራ ዛሬ ከመተማ ጋር በአንድ ዞን ያለ ጎረቤታችን ወረዳ ነው። የክርስትና ስማቸው ወለተ ጊዮርጊስ ነበር። ዐፄ በካፋ ማንነታቸውን ሰውረው አገር ሲዞሩ ቋራ ላይ ታመሙ፣ ያስታመሟቸውም ምንትዋብ ነበሩ ይባላል። በ1730 በካፋ ሲሞቱ ልጃቸው ኢያሱ ገና ሕፃን ስለነበር እናቲቱ ከልጃቸው ጋር ዘውድ ደፉ፤ ስመ መንግሥታቸውም ብርሃን ሞገሳ ተባለ። ሞግዚት ሆኖ ከኋላ መቀመጥ አንድ ነገር ነው፤ ዘውድ ደፍቶ ከፊት መቀመጥ ሌላ ነው።

ወንድማቸው ወልደ ልዑል ራስ ሆነው ቀኝ እጃቸው ነበሩ። ሌሎች የቋራ ዘመዶቻቸውም በየሹመቱ ገቡ። እቴጌይቱ ከጎንደር ወጣ ብሎ ደብረ ፀሐይ ቁስቋምን፣ በጣና ሐይቅ ላይ ደግሞ ናርጋ ሥላሴን አሠሩ። በናርጋ ግድግዳ ላይ በእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው ተሥለዋል።

ከጎንደር ዘመን ከቀሩት ጨርቆች እኔን የሚያስደንቀኝ ለንደን በብሪቲሽ ሙዚየም ያለው የቤተ መቅደስ መጋረጃ ነው። በ1868 ከመቅደላ እንደተወሰደ ይታመናል። ከውጭ በመጣ ሐር የተሠራ ሲሆን ርዝመቱ ከ5 ሜትር፣ ስፋቱ ከ2 ሜትር ይበልጣል። ተመራማሪዎች በላዩ የሚታዩት ሰዎች በካፋ፣ ምንትዋብና ልጃቸው ሳይሆኑ አይቀሩም ይላሉ። የተሠራው በተለመደው የሽመና ዕቃ አይደለም። ማዕዘናቸው ላይ ቀዳዳ ባላቸው ብዙ ትናንሽ ሰሌዳዎች ክሩ ያልፍና ሰሌዳዎቹ እየዞሩ ይሠራል። በዚህ መንገድ ሰፊ ጨርቅ ማውጣት ስለሚከብድ ሦስት ጠባብ ቁራጮች ተሠርተው ጎን ለጎን ተሰፉ።

የእኛ ጉዳይ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። አምስት ሜትር የሚረዝሙ ሁለት ጠርዞች ሲጋጠሙ አንዱ በሁለት ጣት ቢበልጥ ትርፉ መሄጃ የለውም፤ ይሸበሸባል። ጋቢ የሰፋች ታውቀዋለች፤ ሸማኔው አንዱን ወገን ጠበቅ፣ ሌላውን ላላ አድርጎ ከመታው፣ ሲታጠብ የመሃል ስፌቱ ይኮማተራል።

የተሸበሸበውን በካውያ መጫን የሚወዱ አሉ። እኔ አላምንበትም። ሒሳብ አልገጥም ሲል ድምሩ አይፋቅም፤ ልዩነቱ የገባበት መስመር ይፈለጋል። ስፌቱም ከሸበሸበበት ግራና ቀኝ አንድ አንድ ስንዝር ይተርተርና ሁለቱ ጠርዞች ይለኩ። እኩል ከሆኑ ምናልባት ጥፋቱ የክሩ ነው፤ የመኪናው ክር ማጥበቂያ ላላ ይደረግ፣ የዶለዶመ መርፌም ይቀየር። በጥቂቱ ከተበላለጡ ጫፍና ጫፉ፣ ቀጥሎም መሃሉ በስፒል ይያዝ፣ ትርፉ በመካከል ይከፋፈል፤ ረጅሙ ከታች ሆኖ ይሰፋ፣ መኪናው ራሱ ይሰበስበዋል። በብዙ ከተበላለጡ ግን እንደገና ከመቁረጥ ሌላ መፍትሔ የለውም።

የዳሩ መርገብ ምክንያቱ ሌላ ነው። ብዙ ጊዜ ዘርፉ ሳይለካ ዙሪያውን እየተሰፋ ሄዶ ሲያልቅ ስለሚቆረጥ ነው፤ እግረ መንገዱን እየተሳበ ይረዝማል። የአልጋ ልብሱን በመሃሉ ለክቶ ዘርፉን በዚያው ልክ አስቀድሞ መቁረጥ ነው፤ ዳሩ ተስቦ ሊሆን ስለሚችል በዳር አይለካም። በሰያፍ የተቆረጠ ጨርቅ ላይ ካውያ አይጎተትም፤ ይቀመጣል፣ ይነሣል። ያልታጠበ አዲስ አቡጀዲም ከታጠበ ቁራጭ ጋር አይገጠም።

ወደ እቴጌይቱ ልመለስ። ዐፄ ኢያሱ ውቢት የተባሉ የየጁ ባላባት ልጅ አግብተው ነበር። በ1755 ሲሞቱ የሁለቱ ልጅ ኢዮአስ ነገሠ፤ አሁንም ሕፃን ንጉሥ። ውቢት የራሳቸውን ወገን ይዘው ቤተ መንግሥት ገቡ፣ የምንትዋብ የቋራ ሰዎች ደግሞ ሹመቱን እንደያዙ ነበሩ። በእኔ አስተያየት አብዝተው ይዘውት ነበር፤ ለአዲሶቹ ቦታ አልተለካላቸውም። ልዩነቱን ሸፍነው ያቆዩት ራስ ወልደ ልዑል ነበሩ። እሳቸው በ1767 ሲሞቱ ሁለቱ ወገኖች ተጋጩ። ከትግሬ የተጠሩት ራስ ሚካኤል ስሑል መጥተው ጠቡን አበረዱ፣ ሥልጣኑንም ለራሳቸው ያዙት፤ በ1769 ኢዮአስን አስገደሉ። የሚካኤል ሚስት ወይዘሮ አስቴር የምንትዋብ ልጅ ነበሩ፤ የእናቲቱ ሐዘን ከሁለት ወገን ነበር ማለት ነው።

እቴጌይቱ ቁስቋም ገብተው ተቀመጡ። በ1770 ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ ጎንደር ሲደርስ ፈንጣጣ ገብቶ ነበርና የቤተሰቡን ልጆች እንዲያክም ወደዚያው ወሰዱት። በ1773 አረፉ። መቃብራቸውም እዚያው ቁስቋም ነው።