የዶክተር ዳንኤል ሳልሞን የሕይወት ታሪክና ለዶሮ ቤታችን የሚሰጠው ትምህርት

በመልካ ጀብዱ በየግቢያቸው ጥቂት ዶሮ የሚያረቡ ቤተሰቦች ብዙ ናቸው። ዶሮዎቹ ክንፋቸውን ጥለው፣ ኩሳቸውም ቀጥኖ መሞት ሲጀምሩ ሁሉም በአንድ ስም ፈንግል ገባ ይባላል። ነገር ግን ዶሮን የሚገድል ሁሉ ፈንግል አይደለም። ሳልሞኔላ የሚባሉ በዓይን የማይታዩ ጀርሞች አሉ። ከእነዚህም አንዳንዶቹ ዶሮን ይገድላሉ፤ አንዳንዶቹ ግን ዶሮዋን ምንም ሳያሳምሙ በኩስዋ፣ በሥጋዋና በእንቁላልዋ ወደ ሰው ተሻግረው ትኩሳት፣ የሆድ ቁርጠትና ተቅማጥ ያመጣሉ። ይህ ስም በባዮሎጂ ክፍላችን በተጠራ ጊዜ ከመካከላችን የዓሣ ስም የመሰለን ነበርን። ስሙ ግን የሰው ስም ነው። ስለዚህ በዚህ በትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሔት የዚያን ሰው የሕይወት ታሪክ በአጭሩ ልናቀርብላችሁ ወደድን። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዳንኤል ኤልመር ሳልሞን በ1850 ዓ.ም. በአሜሪካ በኒው ጀርሲ ግዛት ተወለዱ። አባታቸው ገና ሕፃን ሳሉ፣ እናታቸው ደግሞ የ8 ዓመት ልጅ ሳሉ ስለ ሞቱባቸው በዘመድ እጅ አደጉ። ልጅነታቸውንም በዘመዳቸው እርሻ ላይ በመሥራትና በገጠር ሱቅ በመላላክ አሳለፉት። ቢሆንም ከትምህርት አልራቁም። በ1868 ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ በሩን ሲከፍት ከመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች አንዱ ሆነው ገቡና የእንስሳት ሕክምና ተማሩ፤ ለጥቂት ጊዜም ፓሪስ አጠገብ ባለው በአልፎር ትምህርት ቤት ተከታተሉ። በ1876 ከኮርኔል የተቀበሉት የእንስሳት ሕክምና ዶክተርነት ማዕረግ በአሜሪካ ምድር የመጀመሪያው ነበር።

በ1884 የአሜሪካ መንግሥት የከብት በሽታን የሚከላከል መሥሪያ ቤት ሲያቋቁም ዶክተር ሳልሞን የመጀመሪያው ሹም ሆኑ። በዚያን ጊዜ የእኛ ከብት አርቢዎች ሳምባ የሚሉት ተላላፊ በሽታ የአሜሪካን ከብት ይጨርስ ነበር። እርሳቸውም በሽታው የገባበትን በረት እየዘጉ፣ የታመመውን እያስወገዱ፣ ያልታመመው ከታመመው እንዳይገናኝ እየከለከሉ በ1892 ከአገሪቱ ጨርሶ እንዲጠፋ አደረጉ። ይህ ሁሉ የተደረገው በመድኃኒት አልነበረም፤ በመከላከል ብቻ ነበር።

በመሥሪያ ቤታቸው ቴዎባልድ ስሚዝ የሚባል ወጣት ተመራማሪ ይሠራ ነበር። እርሱም በ1885 በአሳማ ኮሌራ ከታመሙ አሳማዎች አንድ ጀርም ለይቶ አወጣ። በ1886 ደግሞ ሁለቱ ሊቃውንት ይህንኑ ጀርም በሙቀት ገድለው ርግቦችን ወጉበት፤ ቆይተውም ሕያው የሆነውን ጀርም ሲሰጧቸው ርግቦቹ ሳይሞቱ ቀሩ። የሞተ ጀርም ከሕያው ጀርም ሊጠብቅ እንደሚችል በዚህ ታወቀ። ለብዙ ክትባት መንገድ የከፈተው ሥራ እንግዲህ በወፍ ላይ የተደረገ ነው።

እውነቱን ለመናገር ጀርሙን በማግኘት በኩል ትልቁን ድካም የደከመው ስሚዝ ነበር። ነገር ግን ሹሙ ሳልሞን ስለነበሩ፣ በ1900 ሊኒዬር የተባለው ፈረንሳዊ የእንስሳት ሐኪም የጀርሙን ወገን በእርሳቸው ስም ሳልሞኔላ ብሎ ሰየመው። ከዚህም በላይ የአሳማ ኮሌራን የሚያመጣው ያ ጀርም ሳይሆን ቫይረስ መሆኑ በ1903 ተረጋገጠ። ስለዚህ የጥናታቸው መነሻ ስሕተት ነበረበት፤ ከስሕተቱ ጋር ግን ለዓለም የሚጠቅም ዕውቀት ተገኘ።

ዶክተር ሳልሞን በ1905 ሹመታቸውን ለቀቁ። በሚከተለው ዓመት ወደ ደቡብ አሜሪካ ሄደው በኡራጓይ ዋና ከተማ በሞንቴቪዴዮ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት አደራጁ። ወደ አገራቸው ከተመለሱም በኋላ በ1914 በሳምባ ምች ታመው ዐረፉ።

እርሳቸው ሲሞቱ ፔኒሲሊንና ቴትራሳይክሊን ገና አልተገኙም ነበር። ኋላ መድኃኒቶቹ ሲመጡ ሰው ሁሉ ተደሰተ፤ መደሰቱም ተገቢ ነበር። ዛሬ ግን ዶሮ ባሳለ ቁጥር መድኃኒቱን ያለ ሐኪም ትእዛዝ ገዝቶ፣ ሳይለኩ በመጠጥ ውሃ መበጥበጥ፣ ዶሮዋ ቀና ስትል ደግሞ ማቋረጥ ተለምዷል። ይህ ሲሆን ደካማው ጀርም ይሞታል፤ ብርቱው ይተርፋል፤ የተረፈውም ይራባል፤ መድኃኒትን የመቋቋም ችሎታውንም ለሌላ ጀርም ያወርሳል። ፈንግል ደግሞ በቫይረስ የሚመጣ ስለሆነ ይህ መድኃኒት ጨርሶ አይነካውም፤ ወጪውም ጉዳቱም ለከንቱ ነው።

ይህ ከሩቅ አገር የተሰማ ወሬ አይደለም። በ2011 የታተመ ጥናት ሳልሞኔላ ኬንታኪ የተባለና ሲፕሮፍሎክሳሲን የሚባለውን ብርቱ መድኃኒት የሚቋቋም ዘር መስፋፋቱን ገልጿል። በፈረንሳይ፣ በእንግሊዝና በዴንማርክ የተመዘገቡት በዚህ ዘር የታመሙ ሰዎች በ2002 3 ብቻ ነበሩ፤ በ2008 ግን 174 ደረሱ። ብዙዎቹ ወደ አፍሪካ ተጉዘው የነበሩ ናቸው። ይኸው ዘር በኢትዮጵያ፣ በሞሮኮና በናይጄሪያ ከዶሮና ከመሰሎቹ ተገኝቷል። እንግዲህ ከዶሮ ቤት የወጣው ጀርም ሰው ላይ ሲደርስ ሐኪሙ የሚሰጠውን መድኃኒት ሊያጣ ይችላል። ይህ የሚከብደው ደግሞ በሕፃናት፣ በሽማግሌዎችና አቅም ባነሳቸው በሽተኞች ላይ ነው።

ከዶክተር ሳልሞን ሕይወት የምንማረው ቁም ነገር ይህ ነው። በሽታ ከመግባቱ በፊት በሩን መዝጋት ከገባ በኋላ መድኃኒት ከመፈለግ ይሻላል። አዲስ የተገዛችን ዶሮ ከቀሩት ሳይቀላቅሉ ለብቻዋ አቆይቶ ማየት፣ ኩሱን መጥረግ፣ የሞተችውን ዶሮ በየመንገዱ ሳይጥሉ መቅበር፣ ክትባቱንም በጊዜው ማስከተብ ለማንም ቤት የሚቻል ነው። ታይፎይድ የሚባለውን የዶሮ በሽታ የሚያመጣው ራሱ የሳልሞኔላ ወገን ነው፤ ለእርሱም ለፈንግልም ክትባት አለ።

እናቶቻችንንም በትሕትና የምናሳስበው ነገር አለ። የዶሮው ብልት በሎሚና በጨው የታጠበበትን ውሃ በዕቃ ላይ እንዳይረጭ አድርጎ መድፋት፣ ዶሮ የተቆረጠበትን መክተፊያና ቢላዋ በሳሙና ሳያጥቡ ሰላጣ አለመክተፍ፣ እጅንም መታጠብ ያስፈልጋል። ወጡ በደንብ ከበሰለ ጀርሙ ይሞታል፤ ሰላጣው ግን እሳት አያገኘውም።

እኛም ተማሪዎች የድርሻችንን ጀምረናል። ቤታችን ያለች ዶሮ ስትታመም ወደ መድኃኒት ሻጭ ከመሮጣችን በፊት የእንስሳት ሐኪም ልንጠይቅ ተስማምተናል። ወላጆቻችንም በዚህ እንዲያግዙን እንለምናለን።