አንቶን ደ ባሪ፦ ቅጠል ለምን እንደሚታመም የጠየቀው የፍራንክፈርት ልጅ

ጊንሃይም የተማሪዎች መኖሪያ ውስጥ ላላችሁ የፍራንክፈርት የዕፅዋት አጸድ ሩቅ አይደለም። አጸዱ ታሪኩን የሚቆጥረው ሐኪሙ ዜንከንበርግ ካቋቋመው ተቋም ነው። አንቶን ደ ባሪም ገና በወጣትነቱ ስለ ዕፅዋት የተማረው በዚያ ተቋም ያስተምር ከነበረው ከጌዮርግ ፍሬዜኒዩስ ነው።

ደ ባሪ እ.ኤ.አ. ጥር 26 ቀን 1831 ፍራንክፈርት ውስጥ ከሐኪም አባት ተወለደ። በሃይደልበርግ፣ በማርቡርግና በበርሊን ሕክምና ተምሮ በ1853 ተመረቀ። በዚያው ዓመት ስለ ዋግና አረማሞ ፈንገሶች መጽሐፍ አሳተመ። በዘመኑ ብዙዎች ፈንገሱ ከታመመው ተክል የሚወለድ ይመስላቸው ነበር። እሱ ግን ነገሩን ገለበጠው፤ በሽታውን የሚያመጣው ፈንገሱ ነው አለ። የሕክምና ሥራውን ብዙም ሳይቆይ ትቶ ወደ ዕፅዋት ዞረ።

በአየርላንድ አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው ያለቀበት ረሃብ ሲጀምር ደ ባሪ የ14 ዓመት ልጅ ነበር። በ1861 የድንቹን ቅጠል የሚያበሰብሰው ተሕዋስ ቅጠሉ ውስጥ እንዴት እንደሚገባ አሳየ። በ1865 ደግሞ የስንዴ ግንድ ዋግ የሕይወቱን ከፊል በሌላ ቁጥቋጦ ላይ እንደሚያሳልፍ አረጋገጠ። በ1872 የስትራስቡርግ ዩኒቨርሲቲ ሬክተር ሆነ።

በ1886 ወደ ሌላ ጥያቄ ገባ፤ ፈንገስ ጠንካራውን የሕዋስ ግድግዳ በምን ያልፋል? ከበሰበሰ ተክል የተጨመቀው ጭማቂ ጤነኛውን ሕዋስ ከሕዋስ ይለያያል፤ ሲፈላ ግን ይህ ኃይሉ ይጠፋል። ኢንዛይም ማለት ይህ ነው። ፈንገሱ ኢንዛይሙን ከራሱ ውጭ ያፈሰዋል።

ኢንዛይም የት እንዳለ ማወቅ ለዚህ ይጠቅማል። ጤነኛ ቅጠል ውስጥ ሁሉም በየክፍሉ ነው፤ ካርቦንን የሚይዘው ኢንዛይም ክሎሮፕላስት ውስጥ ይሠራል፣ አፍራሾቹ በሕዋሱ ከረጢት ውስጥ ተዘግተዋል። የሐበሻ ጎመን ስንከትፍ የሚወጣው የሚያቃጥል ሽታ ተለያይተው የነበሩት ኢንዛይምና ንጥረ ነገር ሲገናኙ የሚፈጠር ነው። ፈንገስ ግድግዳውን ሲሰብርም ይህ ሥርዓት ይፈርሳል።

ደ ባሪ ጥር 19 ቀን 1888፣ 57 ዓመት ሊሞላው ሳምንት ሲቀረው፣ ስትራስቡርግ ውስጥ አረፈ። የጠየቀው ጥያቄ ግን በእኛ ማሳ ላይ አለ። በ2006 ዓ.ም. የግንድ ዋግ በባሌና በአርሲ ዲጋሉ የሚባለውን የስንዴ ዝርያ መትቶ የብዙ ገበሬዎችን አዝመራ አጥፍቷል። ባዮሎጂ ለምታጠኑ ወንድሞችና እህቶች፣ ሥራው አላለቀም።