ካውንት ካርል ጉስታቭ ቮን ሮዘን፦ የደብረ ዘይቱ ዋና የበረራ አስተማሪ

ከጣሊያን ወረራ በኋላ የኢትዮጵያ አየር ኃይል እንደገና ሲቋቋም ዋና የበረራ አስተማሪ ሆነው ያገለገሉት ስዊድናዊው ካውንት ካርል ጉስታቭ ቮን ሮዘን ነሐሴ 13 ቀን 1901 ዓ.ም. በስዊድን ከመሳፍንት ቤተሰብ ተወለዱ።

ከኢትዮጵያ ጋር የተዋወቁት በ1928 ዓ.ም. በጦርነቱ ወቅት ሲሆን፣ በቀይ መስቀል ተልእኮ ቁስለኞችንና መድኃኒት የሚያመላልስ አውሮፕላን ያበሩ ነበር። በዚያው ዓመት በታኅሣሥ የጣሊያን አውሮፕላኖች በዶሎ ግንባር የነበረውን የስዊድን ቀይ መስቀል የሕክምና ጣቢያ በቦምብ ደብድበዋል። ቦምብ ከሰማይ ሲወርድ በምድር ያለው ሰው ምን እንደሚደርስበት ካውንቱ በቅርብ የሚያውቁት ነገር ነበር።

ይሁን እንጂ እርሳቸውም ቦምብ ጣይ ሆኑ። በ1932 ዓ.ም. ሶቪየት ኅብረት ፊንላንድን ስትወጋ፣ በሆላንድ አየር መንገድ የነበራቸውን ሥራ ትተው ለፊንላንድ ዘመቱ። ለ14 መንገደኞች የተሠራ አንድ ዲሲ-2 አውሮፕላን የቦምብ መስቀያ ተገጥሞለት፣ በጀርባው ላይም መትረየስ ተተክሎለት የጦር አውሮፕላን ሆነ፤ ካውንቱም አበረሩት። አውሮፕላኑ ዛሬም በፊንላንድ በቅርስነት ተጠብቆ ይገኛል።

በ1938 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ ተመልሰው በደብረ ዘይት (ቢሾፍቱ) ሥራ ጀመሩ። በ1939 ዓ.ም. ግንቦት ወር አነስተኛዋን ሳብ ሳፊር አውሮፕላን ከስቶክሆልም አንስተው፣ በመንገድ ሳያርፉ ከ6,000 ኪሎ ሜትር በላይ በ31 ሰዓት ገደማ አቋርጠው አዲስ አበባ ገቡ። የሥልጠናው ዋና ክብደት ያረፈው ግን በሳብ 17 ላይ ነበር። ኢትዮጵያ ከ40 በላይ የተረከበችው ይህ ቦምብ ጣይ ባለ አንድ ሞተርና ባለ ሁለት መቀመጫ ነው። ወደ ዒላማው አፍጥጦ ሲወረወር ፍጥነቱን የሚገታለት የተለየ ፍሬን አልነበረውም፤ ይህንን ሥራ የሚሠሩት ትላልቅ ሽፋን ያላቸው የማረፊያ እግሮቹ ነበሩ። ስለዚህ የእግሮቹ ጥገና ለማረፍ ብቻ ሳይሆን አብራሪው ከውርወራው በደኅና ለመውጣቱም ወሳኝ ነበር። በደብረ ዘይት ከአብራሪዎች ጎን ለጎን የጥገና ባለሙያዎች እንዲሠለጥኑ መደረጉ የዘመኑ ትልቁ ሥራ ነው ማለት ይቻላል፤ ከጥቂት ዓመታት በፊት ሰማይዋን የምትከላከልበት በቂ አውሮፕላን ላልነበራት አገር በውጭ ባለሙያ እጅ ብቻ የሚንቀሳቀስ ቦምብ ጣይ ዘላቂ ዋስትና ሊሆን አይችልም ነበር።

ካውንቱ በ1948 ዓ.ም. ኃላፊነታቸውን ለቀው ሄዱ። በቢያፍራ ጦርነት መጀመሪያ እህል አመላለሱ፤ በ1961 ዓ.ም. ግንቦት ግን አምስት ጥቃቅን ኤምኤፍአይ-9 የስፖርት አውሮፕላኖች ጋቦን ላይ የሮኬት ማስወንጨፊያ በክንፎቻቸው ሥር እንዲገጠምላቸው አድርገው፣ የናይጄሪያን አየር ማረፊያዎች መቱ። ይህ ድርጊታቸው እስከ ዛሬ ያከራክራል።

በ1966 ዓ.ም. ረኃብ ኢትዮጵያን ሲጎዳ ተመሳሳይ ትንንሽ አውሮፕላኖችን ይዘው መጡ። በዚህ ጊዜ በክንፎቹ ሥር የተንጠለጠለው የእህል ከረጢት ነበር፤ መኪና ወደማይደርስባቸው መንደሮች ዝቅ ብለው እየበረሩ ይጥሉት ነበር።

በዕርዳታ ሥራ ላይ ሳሉ ሐምሌ 6 ቀን 1969 ዓ.ም. በጎዴ ላይ በደረሰ የሶማሊያ ወገን ጥቃት በ67 ዓመታቸው ተገደሉ። አስከሬናቸውም በአዲስ አበባ ዐረፈ።