ከመጽሐፍ ጠራዥ ቤት የወጣ ሊቅ

እኛ የሥነ ጽሑፍና የታሪክ ተማሪዎች ማይክል ፋራዴይን ለሳይንስ ፋኩልቲ ወንድሞቻችን ትተንላቸዋል። ይህ ስሕተት ይመስለኛል። የዚህ ሰው ታሪክ የኤሌክትሪክ ታሪክ የሆነውን ያህል የንባብና የጽሕፈትም ታሪክ ነውና።

ፋራዴይ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1791 ዓ.ም. ለንደን አጠገብ ከአንድ ድኻ ብረት ቀጥቃጭ ተወለደ። (ይህ ቃል በእኛም አገር ስንት ዘመን መሰደቢያ ሆኖ እንደኖረ አንባቢ ያውቀዋል።) ከትምህርት ቤት ያገኘው ማንበብ፣ መጻፍና ጥቂት ሒሳብ ብቻ ነበር። በ13 ዓመቱ ሪቦ ለሚባል መጽሐፍ ሻጭና ጠራዥ ተላላኪ ሆኖ ገባ፤ ሥራውም ጋዜጣ ለደንበኞች ማዋስና መልሶ መሰብሰብ ነበር። በዓመቱ ለ7 ዓመት የጥረዛ ሙያ ሊማር ተዋዋለ።

ብዙ ጠራዥ መጽሐፍን የሚያውቀው በጀርባው ነው። ፋራዴይ ግን ሊሰፋ የመጣለትን ያነብ ነበር። ኤንሳይክሎፒዲያ ብሪታኒካ ለጥረዛ ሲመጣ ስለ ኤሌክትሪክ የሚናገረውን ክፍል አገኘ፤ ወይዘሮ ማርሴት ለጀማሪዎች በጭውውት መልክ የጻፉት የኬሚስትሪ መጽሐፍም በዚያው ቤት እጁ ገባ። ያነበበውንም እንዲያው አላመነም፤ ባለችው ሳንቲም ዕቃ እየገዛ ይሞክረው ነበር። ጌታውም አልከለከለውም።

በ1810 ዓ.ም. ገደማ የማታ የሳይንስ ንግግር መስማት ሲጀምር የመግቢያውን ሽልንግ የከፈለለት ቀጥቃጩ ወንድሙ ነው። መሣሪያዎቹን መሳል እንዲችል ደግሞ በጌታው ቤት ተከራይቶ የነበረ ፈረንሳዊ ሠዓሊ አስተማረው። በ1812 አንድ ደንበኛ በሮያል ኢንስቲትዩሽን የታላቁን ኬሚስት የሰር ሃምፍሪ ዴቪን ንግግር የሚሰማበት ቲኬት ሰጠው። አራት ንግግር ሰማ፤ ማስታወሻውን አስፍቶ በንጹሕ ገለበጠ፤ ሥዕል ጨመረበት፤ በገዛ እጁ ጠርዞም ለዴቪ ላከለት። እኛ በፈተና ማግስት የምንጥለውን ዓይነት ማስታወሻ ማለት ነው! ለጊዜው ባዶ ቦታ አልነበረም፤ የቤተ ሙከራው ረዳት በጠብ ሲባረር ግን ዴቪ አስጠራውና በማርች 1813 ተቀጠረ።

ጽሕፈቱ ገና ጎደሎ መሆኑን ራሱ ያውቅ ነበር። ሰዋስውና ነጥብ ጓደኛው ያርምለት ነበር፤ በ1818 ከጥቂት ወዳጆቹ ጋር ድርሰት እየጻፉ ይተራረሙ ጀመር፤ የአነጋገር መምህርም ያዘ። በ1827 ያሳተመው መጽሐፍ የሙያ መጽሐፍ ነው፤ በቤተ ሙከራ እንዴት እንደሚመዘን፣ እንደሚጣራ፣ ብርጭቆ እንዴት እንደሚታጠፍ ከ600 ገጽ በላይ ያስረዳል። በመግነጢስ ኤሌክትሪክ ማስገኘት እንደሚቻል በ1831 ያሳየው ይኸው ሰው፣ የዕለት ሥራውን ከ16,000 በላይ ለሆኑ አንቀጾች ቍጥር እየሰጠ መዝግቧል። ቃል ሲያጣም አላፈረም፤ በ1834 የካምብሪጁን ሊቅ ዊልያም ሂዌልን አማክሮ አኖድ፣ ካቶድና አዮን የሚሉትን ቃላት ለሳይንስ ሰጠ። ከፍተኛ ሒሳብ ስላልተማረ ሐሳቡን በተራ ቋንቋ ጻፈ፤ ወደ ሒሳብ የመለሰው በኋላ የተነሣው ማክስዌል ነው።

ለወጣቶች በገና በዓል 19 ጊዜ ተከታታይ ንግግር ሰጠ፤ ከሁሉ የታወቀው ስለ አንዲት ሻማ የተናገረው ነው። በ1867 ዓ.ም. ሞተ። ለዴቪ የላከው ጥራዝ ግን ዛሬም በሮያል ኢንስቲትዩሽን ይገኛል።