ከትንሽ ዓሣ የተማረ ሊቅ

የእንስሳትን ጠባይ ስለ መረመረው ስለ ኒኮ ቲንበርገን ጥቂት ልንገራችሁ። ቲንበርገን እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1907 ዓ.ም. በሆላንድ ተወለደ። በላይደን ዩኒቨርሲቲ ሲያስተምር፥ ጀርባው ላይ ሦስት እሾህ ያለውን ትንሽ ዓሣ በመስተዋት ገንዳ እያኖረ ጠባዩን ይከታተል ነበር። የወንዱ ሆድ በመራቢያው ወራት ይቀላል፤ ጎጆው አጠገብ ሌላ ቀይ ሆድ ሲያይም ይዋጋል። ዓሣ የማይመስል ምስል እንኳ ከሥሩ ቀይ ቢቀባ ይወጋው ነበር፤ ቀይ የፖስታ መኪና በመስኮቱ በኩል ሲያልፍም ይቈጣ ነበር። ቲንበርገንም ጠባይ እንደ አካል ሁሉ የሚወረስና በብዙ ዘመን የሚለወጥ መሆኑን አስተማረ።

የጀርመን ወራሪዎች አይሁድ መምህራንን ከዩኒቨርሲቲው ማባረራቸውን ስለ ተቃወመ፥ ከ1942 እስከ 1944 ታሰረ። በ1973 ከሁለት ሊቃውንት ጋር የኖቤልን ሽልማት ተቀበለ፤ በ1988 ዐረፈ።

ዓሣው ቀይ ባየ ጊዜ ሳያስብ ይዋጋል፤ ቲንበርገን ግን አስቦና ወዶ ለባልንጀሮቹ ቆመ። እኔም የሰውን ክብር ከዚህ ላይ አየሁት።