ሉዊ ብሬልና ለጣት የተቀመረው ፊደል

ሉዊ ብሬል እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 4 ቀን 1809 በፈረንሳይ አገር፣ ኩቭሬ በተባለች መንደር ተወለደ። በሦስት ዓመቱ በኮርቻ ሠሪው አባቱ የሥራ ቤት ሲጫወት ወስፌ ዓይኑን ወጋው፤ ሕመሙም ወደ ሁለተኛው ተዛምቶ ብርሃኑን ፈጽሞ አጣ።

በ1819 በፓሪስ የዓይነ ስውራን ተቋም ገባ። የተቋሙ መጻሕፍት የላቲን ፊደል ጎብጦ የታተመባቸው ነበሩ። ቅርጹ ለዓይን የታሰበ ስለ ነበር ጣት በብዙ ድካም ይለየው ነበር። ሻርል ባርቢዬ የተባለው መኮንን ባለ12 ነጥብ ጽሕፈት ባቀረበ ጊዜ ብሬል ነጥቦቹን ወደ 6 አወረዳቸው፤ አንዱ ምልክት በጣት ጫፍ እንዲዳሰስ አደረገ። ሥርዓቱን ገና በ15 ዓመቱ ቀምሮ በ1829 አሳተመው። በ1839 ደግሞ ዓይነ ስውር ለዓይናማ የሚጽፍበትን የነጥብ ፊደል አወጣ።

በ1852 በሳንባ ነቀርሳ ሞተ፤ ተቋሙ ሥርዓቱን በይፋ የተቀበለው በ1854 ነው።

የብሬል ነጥቦችና የኢትዮጵያ ፊደል በ1999 በአንድ የዩኒኮድ እትም አብረው ገቡ። ሆኖም አሮጌው ስሕተት አልጠፋም። በንፋስ ስልክ ላፍቶም ሆነ በሌላ ስፍራ በኮምፒዩተር በሚጻፍ ሰነድ፣ አርእስቱ ፊደሉ ተወፍሮ ብቻ ከቀረበ ለዓይን እንጂ ለአንባቢው መሣሪያ አርእስት አይሆንም። የአርእስትነት ምልክት ከተሰጠው ግን መሣሪያው ለይቶ ያሰማዋል፤ ሥዕልም በቃል ከተገለጸ ይነበባል። ብሬል በሕይወቱ ያስረዳው ይህንኑ ነው፤ ጽሑፍ የሚቀመረው ለሚያነበው ሰው ነው።